የባሮ መርከቦች በሥጋ ቤት ግድግዳ

ሱሉልታ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኦቦ ዲሪርሳ ጎበና
ጋምቤላ

አከም ጅርታ? እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ዝናቡም ሊያቆም ነው። ሰላምታው አለቀ። «ኦቦ» ያልኩህ ያከበርኩህ እንዳይመስልህ። ስናደድ ሰው አከብራለሁ፣ ታውቀኛለህ።

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ አላነሳማ! በስልክ የሆነ እንደሆነ፣ ጥያቄው ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋብሃል። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም» ትላለህ። እኔ ደግሞ አንተ እየሰማኸኝ መሆኑን እሰማለሁ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም። ሾፌሩ ሕዝቅያስ የጋምቤላውን ዓሣ ቡራዩ አራግፎ ሲመለስ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ይሰጥሃል። መልሱን ሳይቀበል መኪናውን እንዳያስነሳም ነግሬዋለሁ።

አሁን ስማኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዳኜ ሥጋ ቤት ገባሁ። ተራ እየጠበቅኩ ቀና ስል፣ ከሥጋው መስቀያ በላይ አዲስ ካላንደር ተሰቅሏል። ካላንደሩ ላይ ደግሞ መርከብ! ያቺው የአባ መርከብ! ሁለት ደርብ ያላት፣ ጭስ ማውጫዋ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ ከኋላዋ ያ ትልቅ መንኮራኩር ውሃውን የሚቀዝፍላት፣ ከጎኗ የቡና ጆንያ የተከመረበት ጀልባ የታሰረባት። ባሮ ሞልቶ፣ ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው። ገጹን ገለጥኩት፣ ሌላ መርከብ። ገለጥኩት፣ ማገዶ የሚጭኑት ሰዎች። ስድስት ገጽ ነው፣ ስድስቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ለነበረው ሰው ሁሉ «ይህንን ያነሳው የእኔ አባት ነው» አልኩ። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ከሱዳን ተነስቶ በክረምት ጋምቤላ ድረስ ይመጣ እንደነበር፣ ውሃው ሲጎድል ደግሞ እንደሚቀር፣ አባ ከዚህ ከሱሉልታ በእግሩ ወጥቶ እዚያ ቡና መዛኝ እንደነበር፣ አንድም ሳይቀረኝ አወራሁ። ዳኜ ቢላዋውን እንደያዘ ዞረና ወደ ካላንደሩ ጠጋ ብሎ አየ። «ገለቴ፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው ነው» አለኝ። ከታች በኩል፣ ጉንዳን በሚያህሉ ፊደሎች፣ «ፎቶ፦ የሱፍ አደም፣ ጋምቤላ» ይላል።

የሱፍ አደም ማነው?

አሥራ አራቱ ፎቶዎች አባ ደረቱን በተነሳበት የራጅ ፖስታ ውስጥ ነበሩ። አንተ በሰልስቱ ማግሥት ሄድክ። ፖስታውም በሰልስቱ ማግሥት ጠፋ። ክረምቱን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ፣ ሦስት ጊዜ «ሣጥኑን ደህና አድርገሽ ፈትሺ» አልከኝ። እኔ ለቀስተኛ እያስተናገድኩ አንተ ፖስታ ታቅፈህ መውጣትህን እንዴት አላየሁም ብዬ ራሴን ስረግም ነው የሰነበትኩት።

አባ መሬት አልተወልንም፣ ሹመት አልነበረውም። ስሙ የሚጠራው በእነዚህ ፎቶዎች ነው። ልብስ ስፌት ቤቴ ለሚመጡት ሯጮች የቱታቸውን ዚፕ ስቀይር እንኳ የማወራላቸው ስለ እነሱ ነው። አሁን የእሱን ሥራ በሌላ ሰው ስም አትመው የሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ካላንደሩን ያሳተመው ቡራዩ ያለ የቡና ላኪ ድርጅት ነው፣ አድራሻው ታች አለ። የአባን ስም እስካስመልስ አልተኛም። አንተም ፖስታውን ለማን እንደሰጠህ ጻፍልኝ።

እኅትህ ገለቴ

ጋምቤላ፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለገለቴ ጎበና
ሱሉልታ

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ ያው ነው። ባሮ ዘንድሮ በጣም ሞልቷል፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። የጡረታ ወረቀቴ ጉዳይ፣ ባትጠይቂኝም፣ አልቋል። ስለ ጉልበቴም ባትጠይቂኝ፣ ደረጃ ካልወጣሁ አያመኝም።

ፎቶዎቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሣጥኑን ፈትሺ ማለቴ ትክክል አልነበረም፣ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አልጠፉም፣ በደህና እጅ ነው ያሉት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ያልቻልኩበት ምክንያት አለኝ፣ እሱንም ብጽፍልሽ ጻፍኩት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ድርጅቱ ዘንድ እንዳትሄጂ። የካላንደሩን ነገር ተዪው።

ወንድምሽ ዲሪርሳ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኦቦ ዲሪርሳ

ሄድኩ።

«ተዪው» ብለህ ስትጽፍልኝ ምን የማደርግ መሰለህ? አርባ ዓመት አስተማሪ ነበርክ፣ ሰው ተው ሲባል ምን እንደሚያደርግ አልተማርክም? «ብጽፍልሽ ጻፍኩት ማለት ነው» ትለኛለህ ደግሞ። የጂኦግራፊ መምህር ሳይሆን ነገረ ፈጅ ነው የመሰልከኝ።

ብቻዬን አልሄድኩም። ብቻዬን ብሄድ ጥበቃው በር ላይ «ማንን ፈልገው ነው እናቴ» ብሎ ያስቀረኛል። ስለዚህ ኦቦ ኦዳ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ፣ ሳያስቡ አንድ ቃል አይናገሩም። ሰምተው ሲጨርሱ «እኔ ሰው ፊት ቆሜ የምናገረው አንቺ የነገርሽኝን ነው። እውነት ነው?» አሉኝ። የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብዬ ማልኩላቸው። ከዚያ በኋላ አንድም አልጠየቁኝም። ባለ ብረታ ብረት ሱቁን ጋሽ ሽመክትንና አንድ ሌላ የዕድር ሽማግሌ አስከትለው፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በታክሲ እንጦጦን ወርደን በአስኮ ዞረን ቡራዩ ገባን።

ከድርጅቱ በር አጠገብ፣ ቦዩ ዳር፣ ኦቦ ኦዳ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ። ለሽምግልና ባዶ እጅ አይገባም ብለው። ሥራ አስኪያጇ ቲቲ የምትባል ልጅ ናት፣ ሠላሳም የሞላት አይመስለኝም። ሣሩን በሁለት እጃቸው ሲሰጧት ምን እንደምታደርገው ጨነቃት፣ ዞር ዞር ብላ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ውስጥ ሰካችው። ጋሽ ሽመክት ሳቁን በጋቢው ዋጠው።

ኦቦ ኦዳ ተናገሩ። ጎበና የሱሉልታ ልጅ እንደሆነ፣ በወጣትነቱ ጋምቤላ ወርዶ መርከቦቹን በካሜራ እንዳነሳ፣ ስሙ መቅረቱ በልጆቹ ላይ እንደ ሁለተኛ ሞት መሆኑን። ልጅቱ ደነገጠች። «እኛ ከሴትየዋ ነው የወሰድነው፣ እሷ ፈርማልናለች፣ ግን ሶሪ፣ ኮሬክት እናደርገዋለን» አለች። ጋምቤላ ደወለች፣ ስልኩ አይሠራም። ሽማግሌዎቹን አየች፣ ሣሩን አየች፣ እንደገና ሽማግሌዎቹን አየች። በሚቀጥለው ኅትመት ስሙን እንደሚያስተካክሉ፣ ለተሰራጨው ደግሞ ስቲከር እንደሚያሠሩ ቃል ገባች።

ሴትየዋ! አሁን ገባኝ፣ ዲሪርሳ። ጻፍኩት ማለት ነው ያልከው ይህችን ነው። በስድሳ ሁለት ዓመትህ ጋምቤላ ሴት ይዘህ የአባትህን ፎቶ ለፍቅር ስጦታ ሰጠሃት? ሰው እንኳ ቢወድ ሽቶ ይገዛል!

ስቲከሮቹ ሰኞ ደረሱ። «ፎቶ፦ ጎበና ዋቆ፣ ሱሉልታ» ይላሉ። እንዴት እንደሚያምሩ! የሱሉልታውን እኔው ራሴ እለጥፋለሁ አልኳት። የጀመርኩት ከዳኜ ሥጋ ቤት ነው፣ ከዚያ ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቶቹ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የሯጮቹ ጂም፣ የጎጃም መንገድ ላይ ያሉት ሻይ ቤቶች። አርባ አንድ ቦታ ለጠፍኩ፣ በእያንዳንዱ ስድስቱንም ገጽ። የሱፍ አደም የሚለውን ፊደል አንድ ጭረት ሳላስተርፍ ሸፈንኩት። ከለጠፍኩ በኋላ ራቅ ብዬ አየሁት፣ እንደገና ጠጋ ብዬ ዳር ዳሩን በአውራ ጣቴ ተጭኜ አጣበቅኩት።

አሁን የቀረው ፖስታው ነው። ከሴትዮህ ተቀብለህ ለሕዝቅያስ ስጠው።

ገለቴ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ገለቴ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍም፣ አንቺም እንደማትፈልጊው አውቃለሁ። ሕዝቅያስ በር ላይ ቆሞ ስለሚጠብቀኝ የምችለውን ልጻፍ።

አባ አላነሳቸውም። አንዱንም።

ያነሳቸው የሱፍ አደም ነው። የወደቡ ጸሐፊ ነበር። ካሜራውን የሰጠው አንድ የግሪክ ነጋዴ ነው። እሱ ጆንያ ይመዘግባል፣ አባ ይመዝናል፣ አንድ ቤት ውስጥ ነበር የሚኖሩት። መርከቦቹ መምጣት ሲያቆሙ የሱፍ በመጨረሻዋ ተሳፍሮ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ወረደ። ውሃ እንዳያበላሽበት ፎቶዎቹን ለአባ «እስክመለስ አደራ» ብሎ ሰጠው። አልተመለሰም፣ እዚያው ሞተ። እዚህ ነፍሰ ጡር ሚስት ትቶ ነበር የሄደው። አባም ያውቅ ነበር። ልጅቱ ሳትወለድ ፎቶዎቹን ይዞ ሱሉልታ ገባ።

መጀመሪያ «የጓደኛዬ ናቸው» ይል ነበር፣ እኔ ሕፃን ሆኜ አስታውሳለሁ። መቼ «የእኔ» እንደሆኑ አላውቅም። ጀርባቸው ላይ ቡናማ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፣ አይተሽው ይሆናል፣ እንዳይታጠፉ ነው ይለን ነበር። በእንፋሎት አላቅቄ ሳየው፣ በሁሉም ላይ የየሱፍ ስምና ፊርማ አለ።

ሴትየዋ አሪያት ትባላለች። የየሱፍ ልጅ ናት። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በዱላ ነው የምትሄደው፣ እኔንም «አንተ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራኝ። የአባቷን መልክ አታውቅም። ከእሱ የነበራት ስሙ ብቻ ነው። የቡናው ድርጅት ሰዎች ቤቷ ግድግዳ ላይ አይተው ለካላንደር ሲጠይቋት፣ ስሙ ከታች ይጻፍ ብቻ ነው ያለችው። ካላንደሩ ሲደርሳት በጣቷ ስሙን እየነካች አሳየችኝ።

ሌላ ሰው ስሙን ሸፍኖታል ብዬ አልነገርኳትም።

ልነግርሽ ያልቻልኩት አባ ስላስማለኝ ነው። «ለልጁ መልስልኝ፣ ገለቴ ግን እንዳትሰማ» አለኝ። አሁን መሐላዬን አፍርሻለሁ።

ዲሪርሳ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለገለቴ

ደብዳቤ ሳይሆን መልእክት ስለላክሽ መልሱን በደብዳቤ አደርገዋለሁ። ሕዝቅያስ እንደነገርሽው አድርጎ፣ በዚያው ድምፅ፣ ግቢው መሐል ቆሞ ነው የነገረኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

«መቼ ነው የነገረህ» ላልሽው፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት በፊት ነው።

«እኔ የት ነበርኩ» ላልሽው፣ ውጪ ነበርሽ። አንሶላውን እያጠብሽ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ድምፅሽ ይሰማን ነበር፣ ለጎረቤትሽ ለሶያማ ስለ መርከቦቹ ታወሪያት ነበር።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም» ላልሽው፣ ይህንኑ ጠይቄዋለሁ። ወደ መስኮቱ ዞሮ አንቺን ሲሰማሽ ቆየ። ከዚያ «እሷ ስታወራ እኔም ያነሳኋቸው ይመስለኛል» አለኝ። ቃሉ ይኸው ነው፣ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ስድብሽን ሁሉ ሕዝቅያስ አድርሶልኛል። የሚገባኝን ተቀብያለሁ።

ዲሪርሳ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ፣

ከስምህ ላይ «ኦቦ»ውን አነሳሁት። ታረቅን ማለት ግን አይደለም። ከአክብሮት በላይ ተናድጄብሃለሁ።

አራት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ያጎረስኩት፣ ያገላበጥኩት፣ ሌሊት ሲያቃስት ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። አንተ በዓመት አንዴ ዓሣ ይዘህ ትመጣለህ። የሆዱን የነገረው ለአንተ! ለእኔ የተረፈኝ አንሶላው ነው። እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ተኝቶ እኔን እንደ ሬዲዮ ያዳምጠኛል! እኔ ሞኟ ደግሞ ይሰማኝ፣ ደስ ይበለው ብዬ ሆን ብዬ ጮክ እያልኩ ነበር የማወራው። በእሱ ልናደድ እላለሁ፣ የለም። ስለዚህ ድርሻውን አንተ ቻለው።

አሁን ያደረግኩትን ልንገርህ፣ አሪያት ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግሥት ኦቦ ኦዳ ዘንድ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ፣ ቁጭ በይ ቢሉኝ እንቢ ብዬ፣ እንዳለ ነገርኳቸው። የማልኩላቸው መሐላ ውሸት መሆኑን፣ ሳላውቅ ቢሆንም ውሸት መሆኑን። አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሣሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። ጋቢያቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ። ጋሽ ሽመክት ግን መንገዱን ሙሉ አልተወኝም። ገለቴ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልንል ነው፣ የባሮን ድልድይ የሠራው አባትሽ ነው እንበል ይለኛል።

ቲቲ ስታየን ከወንበሯ ተነሳች። የፊተኛው ሣር ደርቆ እዚያው እስክሪብቶ መሐል ቆሟል። ኦቦ ኦዳ ቃላችንን መልሺልን አሏት፣ ትክክለኛው ስም ፊት የነበረው ነው፣ የተሳሳትነው እኛ ነን። «እኛ» ነው ያሉት፣ ዲሪርሳ፣ «እሷ» አላሉም። ልጅቱ ለአሪያት ይቅርታ ደውላ እንደምትጠይቅ ነገረችን፣ እኔ ግን ለአሪያት እኔ ነኝ የምናገረው አልኳት። ሌላ ስቲከር ላሠራ ስትለኝም እንቢ አልኳት። በስቲከር ላይ ስቲከር አልለጥፍም።

አርባ አንዱንም ቦታ በእግሬ ዞርኩ። እርጥብ ጨርቅና ጥፍሬን ይዤ። የምትለው ቡናማ ወረቀት በእንፋሎት ተላቀቀ አይደል፣ የእኔ ግን አልላቀቅ አለ። አውራ ጣቴ እስኪግል ስለተጫንኩት፣ ስጎትተው ወረቀቱን ይዞ ይነሳል፣ የየሱፍ ስምም አብሮ ይላጣል። ስለዚህ በየገጹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእጄ፣ «ፎቶ፦ የሱፍ አደም፣ ጋምቤላ» እያልኩ ጻፍኩ። በየሱቁ ደግሞ ምን ሆንሽ፣ ለምን ትልጪዋለሽ ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ስህተት ነው እያልኩ አለፍኩ። ፋርማሲው ላይ ግን አንዷ ደንበኛዬ አላሳልፍ ስትለኝ፣ አባቴ አላነሳቸውም፣ የሰው አደራ ነበሩ፣ አልመለሰም አልኳት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ እንደዚያ ነው የመለስኩት። በሦስተኛው ቀን ሱሉልታ ሁሉ ሰማ። ወፍጮ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ደስ የሚላቸው ደስ ይበላቸው።

ዳኜ ሥጋ ቤትን ለመጨረሻ አስቀረሁት፣ ሰው ስለሚበዛበት። ወንበር አምጥቶ ሰጠኝ። እላዩ ላይ ቆሜ ስፍቅ ከታች «ታዲያ አባትሽ ምን ሠራ?» አለኝ። ክፋት የለውም፣ ነገሩ አልገባው ብሎ ነው።

«ቡና መዘነ» አልኩት።

ይህን ስናገር እጄ ገጹ ላይ ነበር፣ የጥርና የየካቲቱ ገጽ ላይ። ልጅ ሆኜ አባን፣ አንተስ የቱ ጋ ነህ ብዬ ጠይቄው ነበር። እኔ ከካሜራው ኋላ ነኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰዎቹን ፈልጌያቸው አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያየሁት መርከቧን ነው፣ ጭሱን፣ መንኮራኩሩን። ሰዎቹ ለእኔ እንደ ጆንያዎቹ ነበሩ። ከካሜራው ኋላ የሱፍ ከሆነ ግን አባ ከፊት ነው ማለት አይደለም?

ከመርከቧ በስተቀኝ፣ ትልቁ ሚዛን አጠገብ፣ እጅጌውን የሰበሰበ ልጅ እግር ቆሟል። አንድ እጁ ጆንያው ላይ ነው። ካሜራውን ሳይሆን ካሜራውን የያዘውን ሰው ነው የሚያየው። ጆሮዎቹ ያንተ ናቸው፣ ዲሪርሳ፣ እንደ ጀበና እጀታ ወጣ ወጣ ያሉት። ሥጋ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበር ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ። ዳኜም ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ወደ ውጪ አስወጣልኝ።

ለአሪያት ንገራት። የአባትሽን ስም የሸፈንኩት እኔ ነኝ፣ መልሼ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ ጽሕፈቴ አያምርም በላት። እሷ ትስደበኝ፣ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ዝም ማለት እንደማልችል ደግሞ ታውቃለህ። ፎቶዎቹን አልጠይቃትም፣ የእሷ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ለምንልኝ። ዋናው ፎቶ ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ ያለውን ልጅ በማጉያ መነጽር አይታ ትንገረኝ። ከጀርባውም የሱፍ የጻፈው ስም ካለ ታንብብልህ። እንቢ ካለችም መብቷ ነው።

እኔ ግን እሱ እንደሆነ አውቄያለሁ። ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ ነው የተነሳው። እንዲህ ሲስቅ እኔ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። በዚህም ተናድጃለሁ።

እኅትህ ገለቴ ጎበና